አሥረኛው ቤት

እኛ አገር ጋራዥ ሲባል የታመመ መኪና የሚታከምበት ቦታ ነው። ታላቅ ወንድሜ በሚኖርበት አገር ደግሞ ጋራዥ ማለት ጤነኛ መኪና የሚያድርበት ክፍል ነው። ሚኒሶታ በገባሁ ማግስት የጋሼን ጋራዥ ከፍቼ ስመለከት ግን ነገሩ ተምታታብኝ። መኪናዋ ውጪ ብርድ ላይ ቆማ አድራለች። ውስጥ፣ እንደ ተከበረ እንግዳ አሮጌ ብርድ ልብስ ተደርቦለት ያደረው አንድ ቀለሙ የለቀቀ ትንሽ ትራክተር ነው።

«ይኼ ደግሞ ምንድነው?» አልኩት።

«የጓሮ ትራክተር።»

«ለመሆኑ ጓሮህ ስንት ጋሻ ነው?»

ጋሼ አልሳቀም። «ቆይ በረዶው ይምጣ፤ ያን ጊዜ ትስቃለህ» ብሎኝ ብርድ ልብሱን አስተካከለለት።

ጊዜው እ.ኤ.አ. የ2018 ማለቂያ ነበር። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእነሱው አቆጣጠር ናቸው።) ጋሼ ከሴንት ፖል ከተማ ወጣ ባለ ሰፈር ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር መኖር ከጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ቀን አንድ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ሚስቱ ሌሊት ሌሊት አረጋውያንን ታስታምማለች። በዚያ የብርድ ወራት የቡአ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ስለተያዘለት «መጥተህ ልጆቹንም እያቸው፣ እኔንም አግዘኝ» ብሎ ጠራኝ። እኔም በጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬና በየመጽሔቱ በበተንኳቸው ጽሑፎቼ ተመክቼ፣ ስለ ፈረንጅ አገር ኑሮ ረዥም ተከታታይ ጽሑፍ ይዤ እመለሳለሁ ብዬ ሄድኩ። ይዤ የተመለስኩት ግን አሁን የማወጋችሁን ብቻ ነው።

*

በረዶን እናውቀዋለን የምንል ሰዎች ነን። አዲስ አበባ ያደገ ሰው በረዶ ሲባል የሚታየው፣ በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮውን እየደበደበ የሚወርደው፣ ልጆች በጣሳ የሚለቅሙት፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ቀልጦ ቦይ የሚገባው ነው። ጩኸቱ ከራሱ ይበልጣል። የሚኒሶታው ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ድምፅ የለውም። ማታ ስትተኙ አልነበረም፤ ጠዋት መጋረጃውን ስትገልጡ መኪናው፣ ቁጥቋጦው፣ የፖስታ ሣጥኑ፣ ሁሉም የለም። ቋንቋችን ለሁለቱም አንድ «በረዶ» የሚል ቃል ነው ያለው። «አመዳይ» የሚል ቃል በመጽሐፍ ቅዱሳችን ብናገኝም በየቀን ኑሯችን ውስጥ ብዙም ሥራ የለውም።

ለነገሩ አባቶቻችን ይህን ዓይነቱን በረዶ ጨርሶ አያውቁትም ማለት አይቻልም። በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ላይ ገልብጦ ባቆየልን የድንጋይ ላይ ጽሑፍ፣ አንድ ንጉሥ ወደ ሰሜን ተራሮች መዝመቱን ሲተርክ፣ በዚያ ያለው በረዶ ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰምጥ ይናገራል። ይህን ታሪክ እራት ላይ ለጋሼ በኩራት ነገርኩት። ጋሼ ጉርሻውን እየጠቀለለ፣

«ንጉሡ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሥራ መግባት ነበረባቸው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሰፈር እያንዳንዱ ቤት ከዋናው መንገድ እስከ ጋራዡ የሚያደርስ የራሱ የአስፋልት መግቢያ አለው። «ድራይቭ ዌይ» ይሉታል፤ እዚያ ያለው ሐበሻም በአማርኛው መሐል እንዲሁ ነው የሚጠራው። ይህች መግቢያ ካልተጠረገች መኪና አይወጣም። መኪና ካልወጣ ደግሞ ታክሲ ላይ ተንጠልጥሎ መሄድ የሚባል ነገር የለም፤ ሥራ የለም፣ ትምህርት ቤት የለም፣ ሐኪም ቤት የለም።

እኔ የዋሁ «ሁለት ሰው አካፋ ይዞ ቢወጣ ምን አላት?» ብል ጋሼ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥቶ አሰላልኝ። ርዝመቷ 15፣ ስፋቷ 6 ሜትር የሆነች መግቢያ 90 ካሬ ሜትር ናት። በአንድ ሌሊት 25 ሳንቲ ሜትር በረዶ ቢጥልባት 22 ሜትር ኩብ ተኩል ይሆናል። አዲስ የወረደ ደረቅ በረዶ በሜትር ኩብ 100 ኪሎ ያህል ቢመዝን፣ ከአንድ ቤት ደጃፍ የሚነሳው 22 ኩንታል ተኩል ነው ማለት ነው። እርጥብ ከሆነ እጥፍ ነው። የእህል በረንዳ ተሸካሚዎች እንኳ ቁርስ ሳይቀምሱ 22 ኩንታል አንሡ ቢባሉ የሚሉትን እናውቃለን።

በዚያ ላይ የከተማው መጥረጊያ መኪና አለ። ዋናውን መንገድ እየጠረገ ሲያልፍ የገፋውን በረዶ በየቤቱ መግቢያ አፍ ላይ እንደ እርከን ከምሮት ይሄዳል። ይህ ክምር እንደ ሌላው በረዶ ልስልስ አይደለም። ከጨውና ከጭቃ ጋር ተላቁጦ የተጠቀጠቀ ነው፤ ጥቂት ሰዓት ከቆየ ድንጋይ ይሆናል። ከተማው አንዱን መንገድ ይከፍትና ሺህ ደጃፍ ይዘጋል።

*

ትራክተሩ የሚመጣው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች ከመሐል ከተማ እየወጡ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት መሥራት ሲያበዙ፣ የእርሻ ትራክተር የሚሠሩ ፋብሪካዎች ለእነዚህ ባለጓሮዎች የሚሆን ትንሽ ትራክተር ማውጣት ያዙ። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር «ከብ ካዴት» የተባለውን በ1961፣ ጆን ዲር ደግሞ «110» የተባለውን በ1963 ለገበያ አቀረቡ። ብልሃቱ በሚገጠምለት ዕቃ ላይ ነው። በሙቀቱ ወራት ከሆዱ ሥር የሣር ማጨጃ ይታሰርለታል፤ ብርዱ ሲገባ ማጨጃው ይወልቅና ከፊቱ «ስኖው ብሎወር» የሚሉት በረዶ ወርዋሪ ይገጠምለታል። ክረምት አርሶ በበጋ እንደሚያበራይ በሬ ሥራ አይፈታም።

በረዶ ወርዋሪውን በተመለከተ፣ ለባቡር ሐዲድ የሚሆነው በ19ኛው መቶ ዘመንም ነበር። ለመኪና መንገድ የሚሆነውን በመሥራት ስሙ የሚነሳው ግን በ1876 ኩቤክ ውስጥ የተወለደው ካናዳዊው አርተር ሲካር ነው። ሐሳቡ የመጣለት ገና በ1894፣ የ18 ዓመት ወጣት ሳለ ነበር። ሠርቶ ያሳየው በ1925 ነው። 31 ዓመት መሆኑ ነው! በ1927 የመጀመሪያውን ማሽን የገዛችው ከሞንትሪያል ጎን ያለችው ኡትርሞን ነበረች።

የሲካር ማሽን በካሚዮን ላይ የተጫነ ግዙፍ ነገር ነበር፤ የጋሼው የልጅ ልጁ ቢባል ነው። ፊት ለፊት አግድም የተኛ፣ የሥጋ መፍጫ ውስጥ ያለውን የመሰለ ጠመዝማዛ ብረት አለው። እሱ በረዶውን ከግራና ከቀኝ እየዛቀ ወደ መሐል ይሰበስባል። ከበስተጀርባው በኃይል የሚሽከረከር ማራገቢያ መሳይ ብረት ይቀበልና በአሸንዳ ውስጥ ወደ ላይ ይወረውረዋል። ነጂው መቀመጫው ላይ እንዳለ አሸንዳውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያዞረዋል። እንዳይንሸራተት የኋላ ጎማዎቹ ሰንሰለት ይታሰርባቸዋል፤ የፊቱ ክብደት አፍንጫውን እንዳይደፋው ደግሞ ከኋላው ብረት ይጫንበታል።

ጋሼ ሦስት ቀን አሠለጠነኝ። በመጀመሪያው ቀን አሸንዳውን ወደ ነፋሱ አቅጣጫ አዙሬ የዛቅሁትን ሁሉ ራሴ ላይ አራገፍኩት። የወፍጮ ቤት ሠራተኛ መስዬ ስቆም የጋሼ ትንሿ ልጅ በመስኮት ሆና በሳቅ ፈረሰች። በሁለተኛው ቀን የራሱን የጋሼን መኪና ቀበርኳት። በሦስተኛው ቀን ሕጉን ነገረኝ።

«ሞተሩን አስጩኸው፤ ጎማውን ግን አታስቸኩለው። ማራገቢያው ካልፈጠነ በረዶው አሸንዳው ውስጥ ይወተፋል። ሲወተፍ እጅህን እንዳታስገባ። ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን አታስገባ! ውስጡ የታመቀ ጉልበት ሊኖር ይችላል፤ ውታፉ ሲለቅ ይዞርብሃል። በእንጨት ነው የሚጎረጎረው። አንተ ደግሞ ጣትህን ለመጻፍ ትፈልገዋለህ።»

ከዚያም ከኪሱ ሁለት ቀጫጭን ብሎኖች አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖራቸው። «ሺር ፒን» ይባላሉ። ጠመዝማዛውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዙት እነሱ ናቸው። ሆን ተብሎ ደካማ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ጠመዝማዛው ድንጋይ ወይም የበረዶ ግግር ሲነክስ እነሱ ይሰበሩና የማርሽ ሣጥኑ ይተርፋል። ጋሼ በተማሪነቱ የትምህርት ቤት እረፍቱን ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ እየሠራ ያደገ ስለሆነ ምን እንደማስብ ቀድሞ ገባው።

«ጠንካራ ብሎን ከትቼ ልገላገል እንዳትል። ጠንካራው አይሰበርም፤ ማርሹን ነው የሚሰብረው።»

በመጨረሻም የቤቶቹን ዝርዝር በእጁ ጽፎ ሰጠኝ። አሥር ቤቶች ናቸው። ዘጠኙ በአንድ ጥርጊያ 40፣ 40 ዶላር ይከፍላሉ፤ ገንዘቡ የኦፕራሲዮኑን ወጪና ከሥራ የሚቀርባቸውን ሳምንታት ይደጉማል። በዝርዝሩ ራስ ላይ ተራ ቁጥር 1 ተብሎ የተጻፈውና ከሥሩ የተሰመረበት ግን ከመንገዱ ባሻገር ፊት ለፊት ያለው ቤት ነው። ባልና ሚስት ሽማግሌዎች የሚኖሩበት ቤት ነው። ከአጠገቡ የገንዘብ መጠን አልተጻፈም።

«እነዚህስ ስንት ነው የሚከፍሉት?»

«እነሱ አይከፍሉም» አለኝ ጋሼ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

*

በጃንዋሪ 30፣ 2019 የመንታ ከተሞቹ ብርድ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወረደ። ፖስታ ቤት እንኳ በሚኒሶታ ደብዳቤ ማደል አቁሞ ዋለ። ትንፋሼ ሹራቤ አንገት ላይ እየረጋ ሲቀር ተመልክቻለሁ። ሲያልፍ ደግሞ በረዶው ተከተለ። በዚያ ዓመት የፌብሩዋሪ ወር ብቻ 39 ኢንች፣ ማለትም አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው በረዶ ጣለ። በመንታ ከተሞቹ የፌብሩዋሪ መዝገብ ውስጥ ይህን ያህል ታይቶ አይታወቅም። ጋሼ ኦፕራሲዮኑን ያደረገው በዚሁ ወር መጀመሪያ ላይ ነው። ሐኪሙ ለስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳያነሣ፣ ትራክተር ላይም እንዳይወጣ ከለከለው። እኔም ባለሥልጣን ሆንኩ።

ሥልጣን ላይ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የቀድሞውን አሠራር ማሻሻል ነው። እኔም ዝርዝሩን አሻሻልኩ። የማይከፍል ቤት እንዴት አንደኛ ይሆናል? ከፋዮቹ ይቅደሙ እንጂ! ደግሞ በሆዴ የያዝኩት ሌላ ነገር ነበር። ጋሼ ጨዋ ሰው ነው፤ እምቢ ማለት አይችልም። «ፈረንጆቹ የዋህ ሐበሻ አግኝተው በነፃ ያሠሩታል» እያልኩ በልቤ ተቆጥቼላቸው ነበር። እናም ለጋሼ ሳልነግረው አንደኛውን ቤት አሥረኛ አደረግሁት። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲሁ አለፈ፤ ማንም ምንም አላለም።

አንድ ረቡዕ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተነሣሁ። በረዶው ከስንዝር አልፏል፤ ገናም እየጣለ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ተኝቷል። ትራክተሩን አስነሥቼ፣ የፊት መብራቱ በሚያሳየኝ ብጫ ክብ ውስጥ ብቻዬን እየዛቅሁ ከቤት ቤት ዞርኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ የሚል ሥራ ነው። ከኋላዬ ዞር ብዬ ሳይ ጥቁሩ አስፋልት ተገልጦ ይታያል። ጽሑፍ ላይ እንዲህ ያለ ደስታ የለም፤ የጻፍከው አንቀጽ ትናንት ከነበረበት ንቅንቅ ማለቱን በምን ታውቃለህ?

ስምንተኛው ቤት ላይ ትራክተሩ ከረር ያለ ድምፅ አሰማ። ሞተሩ እየጮኸ ጠመዝማዛው ግን ቆሟል። አጥፍቼ ወርጄ በባትሪ ሳይ፣ አዳዩ በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ የወረወረው ጋዜጣ በረዶ ተጭኖት እንደ ጉማጅ እንጨት ደርቆ ጠመዝማዛው ውስጥ ተቀርቅሯል። አንዱ ብሎን ተሰብሯል። የጋዜጣ ሰው በጋዜጣ ሲሰናከል! ያን ጊዜ ግን አልሳቅሁም። ጓንቴን አውልቄ ያችን ቀጭን ብሎን ቀዳዳው ውስጥ ለማስገባት ግማሽ ሰዓት ያህል ታገልኩ። ጣቶቼ የእኔ መሆናቸው ቀረ። ዘጠነኛውን ቤት ስጨርስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር።

የቀረው አሥረኛው ነው። ከጋሼ ጋራዥ ፊት ለፊት ነው፤ መንገዱን መሻገር ብቻ። የከተማው መጥረጊያ መኪና አልፎ አፉ ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ክምር ትቶበታል። ተመለከትኩት። ጣቶቼን ተመለከትኩ። የቀረችኝ መለዋወጫ ብሎን አንዲት ናት። «ሽማግሌዎች ናቸው፤ በዚህ ጠዋት የት ይሄዳሉ? ከእንቅልፌ ስነሣ እጠርግላቸዋለሁ» አልኩ። ትራክተሩን አስገብቼ፣ ብርድ ልብሱን አልብሼ፣ ተኛሁ።

የቀሰቀሰኝ የጎማ ጩኸት ነው። በረዶ ላይ በባዶው የሚሽከረከር ጎማ እንዴት እንደሚያለቅስ የሰማ ያውቀዋል። በመስኮት ሳይ የሽማግሌዎቹ መኪና አፍንጫዋን ክምሩ ውስጥ ሰክታ ቆማለች። ሴትዮዋ መሪውን ይዘው፣ ባልየው ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከጎናቸው ተቀምጠዋል። ከመኪናው ፊት ለፊት ደግሞ ኦፕራሲዮን ከሆነ ገና ሁለት ሳምንት እንኳ ያልሞላው ወንድሜ በፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ በአካፋ ይዝቃል።

ጫማዬን እንዴት እንዳጠለቅሁ አላስታውስም። ደርሼ አካፋውን ስቀማው ቀና ብሎ አላየኝም። ትራክተሩን አምጥቼ ክምሩን መንከስ ጀመርኩ፤ ያ ድንጋይ የሆነ ነገር ያችን የመጨረሻ ብሎን እንዳይበላት በልቤ እየጸለይኩ፣ ኢንች በኢንች። መኪናዋ መንገድ እስክትወጣ ከሃምሳ ደቂቃ በላይ ፈጀ። ሴትዮዋ ሲያልፉ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ቀስ እያለ ወደ ቤት ገባ። ሚስቱ ከሌሊት ሥራዋ ስትመለስ ሸሚዙ ላይ ደም አየች። ያን ቀን ሐኪም ቤት ተመልሶ ስፌቱ እንደገና ታየለት። ለክፉ አልሰጠውም። እሷ ግን ለእኔ ቁርስ ስታቀርብልኝ ያሳየችኝን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

*

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጋሼ ጠራኝ። ተቆጥቶ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። እንዲህ ሲል አወጋኝ፦

ከስድስት ዓመት በፊት ይህን ቤት ሲይዙ ትራክተር የሚባል ነገር አልነበረውም። ሌሊት እየተነሣ በአካፋ ነበር የሚዝቀው። የፊት ለፊቱ ሽማግሌ ያን ጊዜ ጤነኛ ነበሩ፤ በመስኮት ያዩታል። አንድ ቀን የራሳቸውን ጨርሰው፣ ሳይጠየቁ፣ ትራክተራቸውን እየነዱ መንገዱን ተሻግረው የእሱንም ጠረጉለት። በሦስተኛው ዓመት ኩላሊታቸው ታመመ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ጠዋት ኩላሊት እጥበት ይሄዳሉ፤ አንዱ እጥበት አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ትራክተር ላይ መውጣት ሲያቅታቸው ጋሼን ጠሩትና በመቶ ዶላር ሸጡለት።

«ከሺህ በላይ ያወጣል፤ መቶ አይበቃም አልኳቸው» አለኝ ጋሼ። «የቀረውን በሌላ ትከፍላለህ አሉኝ። በረዶ ሲጥል መጀመሪያ የእኔን በር ክፈትልኝ። በዚህ ቤት እስካለን ድረስ። ይኼው ነው። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ።»

ዝም አልኩ። እጥበቱ ላይ በሰዓቱ ያልደረሰ ሰው ከዚያች ቀን ዕድሉ ላይ ምን ያህል እንደሚቀነስበት አሰብኩ። በዚያ ረቡዕ ዘግይተው ስለደረሱ የማሽኑ ተራ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ፣ ሽማግሌው እስከ ከሰዓት በኋላ ሲጠብቁ ነበር የዋሉት።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት በመጨረሻ።

«ጽፌልህ ነበር እኮ» አለኝ። «አንደኛ ብዬ።»

ከዚያ በኋላ እስከ ማርች ማለቂያ ድረስ የመጀመሪያውን መሥመር የማወጣው በእነሱ ደጃፍ ላይ ሆነ። ክምሩን ጨርሼ ወደ ጋራዣቸው ስጠጋ የወጥ ቤታቸው መብራት ይበራል። አንድ እጅ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ሰላም ይለኛል። አየሩ ለቀቅ ባለበት አንድ ቀን ሽማግሌው በከዘራ ተደግፈው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የዛሬ ወጣት በረዶ አየሁ ብሎ እንደሚያማርር ነገሩኝ። በ1991 ኦክቶበር መጨረሻ፣ ልጆች ጭምብል አድርገው ከረሜላ በሚለምኑበት ማታ የጀመረው በረዶ ሳያባራ መንታ ከተሞቹ ላይ 28.4 ኢንች ከምሮ ነበር። ትራክተሩን የገዙት ከዚያ በኋላ፣ «ሁለተኛ በአካፋ አልያዝም» ብለው ነው። ይህን ሲያወጉኝ ቆዩና ድንገት ዝም ብለው ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ቀሰሩ።

«ቺንጋው ላልቷል» አሉኝ።

ጋራዥ አስገብቼ ስፈትሸው እውነትም ላልቶ ነበር።

*

ወደ አገሬ የተመለስኩት በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ነው። በሰፈራችን ክረምት በገባ ቁጥር ያ ክምር ትዝ ይለኛል። እኛ ዘንድ በረዶ አይከመርም፤ ነገር ግን ደጃፉን የሚጠርግ ሰው ጭቃውን ወዴት ነው የሚገፋው? ቦዩን የሚከፍት ሰው ቆሻሻውን የት ነው የሚያወጣው? ቤት የሚያሠራ ሰው አሸዋውን የማን በር ላይ ነው የሚያስገለብጠው? ሁላችንም የራሳችንን መንገድ ከፋቾች ነን፤ ከጎናችን ባለው በር ላይ ምን እንደተውን ዞር ብለን አናይም። ጎረቤታችን ያን ዕለት ጠዋት የት መድረስ እንዳለበትም አንጠይቅም። እኔ አሥር ቤት ጠርጌ አውቃለሁ፤ የማስታውሰው ግን ያልጠረግሁትን አንዱን ነው።

ሽማግሌው በ2021 አረፉ። ባለቤታቸው ለአንድ ዓመት ያህል ብቻቸውን ከኖሩ በኋላ ቤቱን ሸጠው ሴት ልጃቸው ወዳለችበት ከተማ ሄዱ። ጋሼ በስልክ ነው የነገረኝ። በዚያ ወዲያ በመጣው የብርድ ወራት አንድ ቀን ስደውልለት የትራክተሩ ድምፅ ከበስተኋላው ይሰማኛል።

«ከየት ነው የምታነጋግረኝ?»

«ከፊት ለፊቱ ቤት።»

«እንዴ! እነሱ እኮ ሄዱ። በዚህ ቤት እስካሉ ድረስ አልነበር ቃሉ? ዕዳህ አልቋል እኮ ጋሼ።»

«አዎ፣ አልቋል» አለኝ፤ ሞተሩን ዝግ አድርጎ እንዲሰማኝ ድምፁን ከፍ አደረገ። «አዲሶቹ ግን ያላቸው አካፋ ብቻ ነው።»